ሚሳኤሉ ሲርቅ ወደ ደጇ የተመለሰችው ሰርጓጅ

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1955 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቢ-67 የተባለች የሶቪየት ኅብረት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በነጭ ባሕር ላይ ከውኃው ብቅ ብላ አንድ ሚሳኤል ተኮሰች። በዓለም ላይ ከሰርጓጅ መርከብ የተወነጨፈ የመጀመሪያው ባለስቲክ ሚሳኤል ያ ነበር። የመሣሪያው ዋና ነዳፊ ከሁለት ዓመት በኋላ ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ያመጠቀው ሰርጌይ ኮሮልዮቭ ነው። አር-11ኤፍኤም የተባለው ይህ ሚሳኤል ለምድር ጦር ከተሠራውና ዓለም በኋላ ስከድ እያለ ከጠራው መሣሪያ የተወለደ ሲሆን፣ የሚጓዘው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። መርከቧ ደግሞ በናፍጣና በባትሪ የምትሠራ ናት። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ ኒውዮርክን ልምታ የሚል አዛዥ አትላንቲክን አቋርጦ፣ ከአሜሪካ ጠረፍ አፍንጫ ሥር ደርሶ፣ ከውኃው ወጥቶ፣ ሚሳኤሉን አቁሞ መተኮስ ነበረበት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማንም እንዳያየው መጸለይም ሳይኖርበት አይቀርም። ሶቪየቶች ዓለምን ቀድመው ነበር፤ የቀደሙበት ነገር ግን ገና ለምንም የሚሆን አልነበረም።

ስለ ሩሲያ የኒውክሌር ሚሳኤል ተሸካሚ ሰርጓጆች የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይተርካል፤ ወይ ግዙፍነታቸውንና አስፈሪነታቸውን፣ ወይ ቃጠሎውን፣ ጨረሩንና የሰጠሙትን። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱም ግን ነገሩ ለምን በዚያ መንገድ እንደሄደ አይነግሩንም። በእኔ አስተያየት የዚህ ሰባ ዓመት ታሪክ ቁልፍ ሚሳኤሉ የሚጓዘው ርቀት ነው። ሚሳኤሉ አጭር በነበረ ጊዜ መርከበኛው ሩቅ ሄደ፤ ሩቅ በመሄዱም ድምፁ ተሰማ፣ ታደነ፣ አደጋ ሲደርስበትም የሚደርስለት አጣ። ሚሳኤሉ ሲረዝም መርከቧ ወደ አገሯ ደጅ ተመለሰች። ይህን መመለስ ሽንፈት የሚሉት አሉ። እኔ የለየለት ስሌት ነው ባይ ነኝ፤ ስሌቱ ግን ርካሽ አልነበረም።

ለምን ስሌት እንዳስፈለገ ለመረዳት ካርታ መዘርጋት ነው። ሩሲያ የባሕር ዳርቻ አላጣችም፤ ያጣችው በር ነው። ጥቁር ባሕር መውጫው የቱርክ ቦስፎረስ ነው፣ የባልቲክ ደግሞ የዴንማርክ ጠባብ መተላለፊያዎች ናቸው፤ ከቭላዲቮስቶክ የሚነሣ መርከብም በጃፓን ደሴቶች መካከል መሹለክ አለበት። ለትልቅ የሰርጓጅ ኃይል የሚሆኑ ሁለት ቦታዎች ብቻ ይቀራሉ፤ በሰሜን ሙርማንስክ ያለበት የኮላ ልሳነ ምድር፣ በሩቅ ምሥራቅ ካምቻትካ። ከኮላ ወጥቶ አትላንቲክ የሚገባው ደግሞ በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በብሪታንያ መካከል ማለፍ ግድ ይለዋል። አሜሪካኖች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሶሰስ የተባለ የማዳመጫ መረብ በባሕር ወለል ላይ ሲዘረጉ ይህን መንገድ አልዘነጉትም።

በ1960 መጨረሻ ሁለት መርከቦች በአንድ ሰሞን ወደ ሥራ ገቡ ማለት ይቻላል። ጆርጅ ዋሽንግተን የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ 16 ፖላሪስ ሚሳኤሎች ይዛ በኖቬምበር የመጀመሪያውን ቅኝት ጀመረች። ፖላሪስ በጠጣር ነዳጅ የሚሠራ፣ መርከቧ ከውኃ ሳትወጣ የሚተኮስና 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ነበር። በሶቪየት በኩል የተሰለፈችው ኬ-19 ናት፤ በኒውክሌር ኃይል የምትሄድ የመጀመሪያዋ የአገሪቱ ባለስቲክ ሚሳኤል ተሸካሚ። የያዘችው 3 ሚሳኤል ብቻ ነው። እያንዳንዱ የሚሄደው 600 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ለመተኮስም ከውኃ መውጣት ነበረባት። ልዩነቱ የተራቀቀ ምህንድስና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው አዛዥ ከኖርዌይ ባሕር ሆኖ ሌኒንግራድን ማነጣጠር ሲችል፣ የሶቪየቱ አዛዥ ውቅያኖስ መሻገር ነበረበት።

ኬ-19 በችኮላ ተሠርታ፣ በችኮላ ተፈትሻ ነው ባሕር የወጣችው። ጁላይ 4 ቀን 1961 በሰሜን አትላንቲክ ልምምድ ላይ ሳለች ከሁለቱ የኒውክሌር ማብላያዎቿ አንዱ የማቀዝቀዣ ውኃው ፈሰሰበት። መጠባበቂያ የማቀዝቀዣ ዘዴ አልተገጠመላትም። የረጅም ርቀት ሬዲዮዋ ተበላሽቶ ስለነበር ሞስኮን መጥራት አልተቻለም። ለአዛዡ ለኒኮላይ ዛቴዬቭ የቀረለት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰዎች ማብላያው ክፍል ውስጥ ገብተው ከመጠጥ ውኃ ቧንቧ አዲስ መስመር በብየዳ እንዲዘረጉ ማድረግ። ወጣቱ ሌተናንት ቦሪስ ኮርቺሎቭ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገባ። ከጨረር የሚከላከል ልብስ አልነበራቸውም፤ እየተፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ሠርተው ሲወጡ ፊታቸው አብጦ፣ እያስመለሳቸው ነበር። መስመሩ ተዘረጋ፣ ማብላያው ቀዘቀዘ። 139 ሰው ከጫነችው ከዚህች መርከብ 8ቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞቱ። የተረፉትን ያዳናቸው በአጭር ርቀት ሬዲዮ የተላለፈውን ጥሪ የሰማ፣ በአጋጣሚ በአካባቢው የነበረ ሌላ የሶቪየት ሰርጓጅ ነው። ያ ሰርጓጅ ባይኖር ዛቴዬቭ ሠራተኞቹን ለማን ያስረክብ ነበር? የኔቶ ጦር ሰፈር ባለበት ባሕር ለአንድ የሶቪየት አዛዥ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ አመፅ ሰግቶ ቀላል የጦር መሣሪያውን ሁሉ ባሕር ውስጥ ማስጣሉም ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያች መርከብ ላይ ከነበሩት መኮንኖች አንዱ ቫሲሊ አርኪፖቭ ይባላል። በቀጣዩ ዓመት በኩባ ቀውስ ጊዜ ቢ-59 በተባለች ሰርጓጅ ላይ ሆኖ የኒውክሌር ቶርፔዶ እንዳይተኮስ የተከራከረው እሱ ነው።

በኖቬምበር 1967 ሌኒኔትስ የሚል ስም የተሰጣት ኬ-137 ወደ አገልግሎት ስትገባ ሶቪየቶች በመጨረሻ የፖላሪስን አቻ አገኙ። ፕሮጀክት 667ኤ ናቫጋ የተባለው ይህ ዓይነት፣ ኔቶዎች ያንኪ የሚሉት፣ የሰርጌይ ኮቫልዮቭ ንድፍ ነው፤ 16 ሚሳኤል ይይዛል፣ ከውኃ ውስጥ ይተኩሳል፣ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 34 ተሠሩ። ቁጥሩ ያስደንቃል። ካርታው ግን አልተለወጠም፤ አሜሪካ መሐል አገር ያለውን ኢላማ ለመምታት ያንኪዎቹ አሁንም ከሙርማንስክ ተነሥተው ያን የሚደመጥ መተላለፊያ አልፈው፣ ቤርሙዳ አካባቢ ሄደው ለሳምንታት መዞር ነበረባቸው። ድምፃቸውም ትልቅ ነበር። ከአሜሪካ አሳዳጅ ሰርጓጆች አንዳንዶቹ ያንኪን ከኋላ ተከትለው ቅኝቱን ሙሉ አብረውት ይቆዩ ነበር። ሶቪየቶች ይህን ሙሉ በሙሉ የተረዱት ጆን ዎከር የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምሥጢር መልእክት መፍቻ ቁልፎችን ይሸጥላቸው ስለነበር ነው፤ ዎከር በ1985 እስኪያዝ ድረስ። የራስን ጫጫታ ከጠላት ደብዳቤ ላይ ማንበብ ደስ የሚል ትምህርት አይደለም።

ሩቅ የመሄድን ዋጋ ከሁሉ ይበልጥ ያሳየችው ግን ገና የናፍጣ ዘመን ቅሪት የሆነችው ኬ-129 ናት። በማርች 1968 ከካምቻትካ ወጥታ በሰሜን ፓስፊክ ላይ 98 ሰዎቿን ይዛ ጠፋች። የሶቪየት ባሕር ኃይል ፈልጎ አጣት። አሜሪካኖች ከባሕር ወለል ማዳመጫዎቻቸው መዝገብ ላይ ድምፁን አውጥተው ቦታውን አገኙት፤ በ1974 ሲአይኤ ግሎማር ኤክስፕሎረር የተባለ ልዩ መርከብ አሠርቶ ከ4,900 ሜትር ገደማ ጥልቀት የመርከቧን ከፊል አካል አወጣ። በውስጡ የተገኙ 6 መርከበኞች በክብር ባሕር ላይ ተቀበሩ፤ የቀብሩን ፊልም የሲአይኤው ኃላፊ ሮበርት ጌትስ በ1992 ለሩሲያው ፕሬዚዳንት ለየልሲን አስረከቡ። የራሷ አገር ያላገኘቻትን መርከብ ጠላት አግኝቶ ሬሳ ቀበረላት። ከዚህ የከፋ ርቀት የለም።

በዲሴምበር 1972 ኬ-279 ባሕር ኃይሉን ስትቀላቀል ነገሩ ተገለበጠ። ሙሬና የሚል የዓሣ ስም ያላት፣ ኔቶዎች ዴልታ ያሏት መርከብ 12 አር-29 ሚሳኤሎች ትይዛለች፤ ከያንኪ በቁጥር ታንሳለች። ሆኖም የቪክቶር ማኬዬቭ ቢሮ ያወጣው አር-29 7,800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በበረራው መሐል ከዋክብትን አይቶ አቅጣጫውን የሚያርም የመጀመሪያው የባሕር ሚሳኤል ነበር። ይህ ማለት መርከቧ ባረንትስ ባሕር ላይ፣ ከፈለገችም ወደቧ ላይ ታስራ ሳለች ዋሽንግተን ላይ መተኮስ ትችላለች ማለት ነው። በዚያው ዓመት የተፈረመው የመሣሪያ ገደብ ስምምነት ለሶቪየቶች 62፣ ለአሜሪካኖች 44 ዘመናዊ ሚሳኤል ተሸካሚ ሰርጓጆች ፈቅዶ ነበር። ጋዜጦች ስለ ቁጥሩ ጻፉ። ከቁጥሩ ይልቅ ወሳኙ ሙሬና የሰጠችው ነፃነት ይመስለኛል። ያ የሚያስፈራው መተላለፊያ ለሚሳኤል ተሸካሚዎች ትርጉም አጣ፤ ጠላት ሊያድናቸው ከፈለገ እሱ ነው ወደ ሶቪየት ደጅ መምጣት ያለበት።

ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነ ማነጻጸሪያም አለ። የሶቪየት ባሕር ኃይል በ1977 ከሶማሊያ ተባርሮ በርበራን ሲያጣ ፊቱን ወደ ዳህላክ ደሴቶች አዞረ፤ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛም በኖክራ ተከለ። የሕንድ ውቅያኖሱ ጓድ በሰው አገር ወደብ እየለመነ ይኖር የነበረው ርቀት ስላሸነፈው ነው። ሚሳኤል ተሸካሚዎቹ ግን በዚያው ዘመን ከዚህ ጣጣ ወጥተው ነበር፤ ማንም መንግሥት ወደብ ቢከለክላቸው ግድ አልነበራቸውም።

ይህን አካሄድ በኋላ ተንታኞች ምሽግ አሉት፤ በሰሜን ባረንትስ ባሕር፣ በምሥራቅ የኦኮትስክ ባሕር። የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ይነሣል። ባሕር ኃይል ማለት ውቅያኖስ ነው፤ አድሚራል ሰርጌይ ጎርሽኮቭ ሠላሳ ዓመት ሊጠጋ የደከመው ለውቅያኖስ ኃይል ነው፤ ታዲያ ምርጥ መርከቦቹን በጓሮው ማሰር ፍርሃት አይደለምን? ፍርሃት የለበትም አልልም። ግን የሚሳኤል ሰርጓጅ ሥራ መዋጋት ሳይሆን መትረፍ ነው። ጠላት ቀድሞ ቢመታ፣ መልሶ ለመምታት የሚቀር መሣሪያ መሆን ነው ተልእኮዋ፤ ጀግንነቷ የሚለካው ባለመገኘቷ ነው። ደግሞም አሜሪካኖች ራሳቸው ነገሩን አልናቁትም። በ1980ዎቹ በባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ጆን ሌማን ዘመን በይፋ ያወጡት የባሕር ስትራቴጂ ጦርነት ከተነሣ ወደ ምሽጎቹ ገብቶ ሚሳኤል ተሸካሚዎቹን ማደንን ይጨምር ነበር። ለማይረባ ምሽግ እንዲህ ያለ እቅድ አይወጣም። ከዚህ የሚከብደው ነቀፋ ስለ ወጪው የሚነሣው ነው። ምሽጉን ለመጠበቅ አሳዳጅ ሰርጓጆች፣ የጦር መርከቦች፣ አውሮፕላኖች ያስፈልጋሉ፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ የቀረው ባሕር ኃይል የሚሳኤል ተሸካሚዎቹ ዘበኛ ሆነ። ሩሲያ የደቡብ ኩሪል ደሴቶችን ለጃፓን ለመመለስ የማትፈልግበት አንዱ ምክንያትም የኦኮትስክ በር እነሱ መሆናቸው ነው።

የምሽጉ አስተሳሰብ ጫፍ የደረሰው በዲሴምበር 1981 ቲኬ-208 ስትሰለፍ ነው። ፕሮጀክት 941 አኩላ፣ ዓለም ታይፉን የሚላት፣ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሰርጓጆች ሁሉ ትልቋ ናት። ርዝመቷ 170 ሜትር አልፎ፣ ከውኃ በታች ክብደቷ በሩሲያ ቁጥር 48,000 ቶን ነው። በውጪው ቀፎ ውስጥ ሁለት ትላልቅ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ 20ዎቹ ሚሳኤሎች በመሐላቸው ቆመዋል። እያንዳንዱ አር-39 ሚሳኤል 90 ቶን ይመዝናል። ትልቅነቷ ከኩራት ብቻ የመጣ አይደለም። ሶቪየቶች በጠጣር ነዳጅ ረገድ ከአሜሪካ ወደ ኋላ ስለቀሩ ሚሳኤሉ ከበደ፣ ሚሳኤሉ ስለከበደ መርከቧ ገዘፈች፤ ደግሞ ወፍራም የአርክቲክ በረዶ ሰብራ ለመውጣት ክብደት ያስፈልጋታል። በውስጧ ሳውናና ትንሽ የመዋኛ ገንዳ ነበራት። ለምዕራባውያን ጋዜጠኞች ይህ የቅንጦት ወሬ ሆነ፤ ነገሩን ግን ከሥራዋ አንጻር ማየት ይገባል። የትም የማትሄድ፣ በረዶ ሥር ለወራት ተቀምጣ የምትጠብቅ መርከብ ሰዎቿ እንዳያብዱ ማሰብ አለባት። ስድስት ብቻ ተሠሩ።

ታዲያ ምሽጉ ከተገኘ በኋላ ያንኪዎች እስከ 1986 ድረስ ቤርሙዳ አካባቢ ምን ይሠሩ ነበር? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ክርክሬንም የሚፈትን ነው። መልሱ ፖለቲካ ውስጥ ነው። በ1983 መጨረሻ አሜሪካ ፐርሺንግ 2 ሚሳኤሎችን በምዕራብ ጀርመን ስትተክል የሶቪየቱ መሪ ዩሪ አንድሮፖቭ አጸፋውን አወጁ፤ የሶቪየት መሣሪያዎች በባሕር ላይ ሆነው ለአሜሪካ እንዲቀርቡ ይደረጋል አሉ። ሐሳቡ ሞስኮን በደቂቃዎች ከመታችሁ እኛም ዋሽንግተንን በደቂቃዎች እንመታለን ነው። ቅርበት ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ ጠላትን ያስጨንቃል። ነገር ግን ማስጨነቅና መትረፍ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ለማስጨነቅ የተላከችው መርከብ ደግሞ ያረጀችው ናት።

ኦክቶበር 3 ቀን 1986 ጠዋት ከያንኪዎቹ አንዷ የሆነችው ኬ-219 ከቤርሙዳ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበረች። የስድስተኛው ሚሳኤል ቱቦ ክዳን ያሳልፍ ስለነበር የባሕር ውኃ ገብቶ ከሚሳኤሉ ፈሳሽ ነዳጅ ጋር ተቀላቀለ፤ ፍንዳታው የቱቦውን ክዳን ገንጥሎ ጣለ። የሚሳኤል ክፍሉ በመርዛማ ጭስ ተሞላ። አዛዡ ኢጎር ብሪታኖቭ መርከቧን ወደ ውኃው ገጽ አወጣት፤ ሦስት ሰዎች ግን ሞቱ። ከዚያ የባሰው መጣ። ማብላያው ከቁጥጥር ውጭ እንዳይሆን መዘጋት ነበረበት፤ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚዘጋው ዘዴ ግን አልሠራም። አራቱ የመቆጣጠሪያ ዘንጎች በእጅ መውረድ አለባቸው። ሌተናንት ኒኮላይ ቤሊኮቭና ገና 21 ዓመት ያልሞላው መርከበኛ ሰርጌይ ፕሬሚኒን ጭንብል አድርገው፣ የጎማ ልብስ ለብሰው ወደዚያ እሳት የመሰለ ክፍል ገቡ። ቤሊኮቭ ሙቀቱ አሸንፎት ራሱን ሳተ። ፕሬሚኒን ከቮሎግዳ ገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ብቻውን ተመልሶ ገባ፣ የመጨረሻውን ዘንግ እየጠመዘዘ አወረደው፣ ማብላያው ተዘጋ። ሊወጣ ሲል በሩ እምቢ አለ፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የአየር ግፊቱ ስለተለያየ ከውስጥም ከውጭም የሚገፉት ሊከፍቱት አልቻሉም። ጓደኞቹ ከበሩ ማዶ ሆነው ድምፁ እስኪጠፋ ሰሙት። መርከቧ ኦክቶበር 6 ከ5,000 ሜትር በላይ ወደሚጠልቀው ባሕር ሰጠመች፤ ማብላያዎቿንና የኒውክሌር አረሮቿን እንደያዘች። ጎርባቾቭና ሬጋን ሬይክያቪክ ላይ ሊገናኙ የቀራቸው ቀናት ነበሩ። በሶቪየት በኩል አደጋው ከአሜሪካ ሰርጓጅ ጋር በመጋጨት የመጣ ነው ተባለ፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ካደ፣ ብሪታኖቭ ራሱም ግጭት አልነበረም ብሏል። ለፕሬሚኒን የሩሲያ ጀግና የሚለው ማዕረግ የተሰጠው በ1997 ነው፤ ከሞተ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያቋርጠኝ ይችላል፤ ክዳኑ ያፈሰሰው በርቀት ምክንያት ነውን? የኬ-19 ቧንቧስ? አይደለም። የችኮላ ሥራ፣ የደከመ ጥገና፣ ጉድለትን የሚደብቅ ሥርዓት ነው ያመጣው፤ ይህን ርቀት ላይ መጫን ሐሰት ይሆናል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጉድለት የትም ይደርሳል፤ ጉድለቱ ወደ መቅሠፍት የሚለወጥበት ቦታ ግን አንድ አይደለም። ማስረጃ የሚሆን ክስተት ከብዙ ዓመት በኋላ ደረሰ። ዲሴምበር 29 ቀን 2011 ኤካተሪንበርግ የተባለችው ሚሳኤል ተሸካሚ ሙርማንስክ አጠገብ ሮስሊያኮቮ መጠገኛ ውስጥ ሳለች በዙሪያዋ ከታሰረው የእንጨት መወጣጫ እሳት ተነሥቶ የጎማ ልባሷ ተያያዘ። በኋላ የሩሲያ ጋዜጠኞች እንዳጋለጡት መሣሪያዎቿ አልተራገፉም ነበር፤ አሳፋሪ ቸልተኝነት። ሆኖም የእሳት አደጋ ሠራተኞች በከተማቸው ነበሩ፣ ቃጠሎው ሌት ሙሉ ቢታገላቸውም ጠፋ፣ የሞተ የለም፣ መርከቧም ተጠግና ተመለሰች። ያው ስሕተት ቤርሙዳ ላይ ቢሆን ኖሮ የኬ-219ን ታሪክ ሁለት ጊዜ እናነበው ነበር።

የሶቪየት ዘመን የመጨረሻው ትልቅ ትርኢት በኦገስት 1991 ታየ። ኖቮሞስኮቭስክ የተባለችው የዴልፊን ዓይነት መርከብ 16ቱንም ሚሳኤሎቿን ከውኃ ውስጥ አከታትላ አራት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አስወነጨፈች። ያን ያደረገ ሌላ ሰርጓጅ እስከ ዛሬ የለም። በዚያው ወር በሞስኮ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ ዓመቱ ሳያልቅ መርከቧን የሠራት አገር ጠፋ። የቀጠሉትን ዓመታት ማራዘም አያስፈልግም። የመኮንን ደመወዝ ለወራት ይዘገይ ነበር፤ በ1995 ዕዳው ስላልተከፈለ ኤሌክትሪክ አቅራቢው የጋጂዬቮን የሰርጓጅ ሰፈር መብራት አጥፍቶ፣ ወታደሮች መሣሪያ ይዘው ሄደው አስበርተውታል። ያረጁትን መርከቦች ለመቆራረጥ ገንዘብ የሰጠችው አሜሪካ ናት። በ2002 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ስለላ አንድም የሩሲያ ሚሳኤል ተሸካሚ ሰርጓጅ ቅኝት አልመዘገበም፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከመቶ ያላነሰ በነበረበት። አሜሪካኖች ግን ወደ ምሽጉ መምጣታቸውን አላቆሙም። በማርች 1993 ያቺው ኖቮሞስኮቭስክ ባረንትስ ባሕር ላይ ግሬይሊንግ ከተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ ጋር ተጋጨች። ምሽጉ ወንፊት ነው የሚሉ ይህን ይጠቅሳሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን አንዲትን መርከብ ማግኘትና ሁሉንም በአንድ ሰዓት ማግኘት የተለያዩ ናቸው፤ መልሶ ለመምታት የተረፈች አንዲት ብትበቃ አዳኙ ያለው ቁማር ከባድ ነው። ደግሞ የአሜሪካኖቹ ራሳቸው ቅርበት ምን እንደሚያደርስ በጃንዋሪ 1995 ታይቷል። ከኖርዌይ ለምርምር የተተኮሰ ሮኬት በሩሲያ ራዳር ላይ ከአሜሪካ ሰርጓጅ የመጣ ሚሳኤል መስሎ ታየ፣ የየልሲን የኒውክሌር ቦርሳም ተከፈተ።

የአዲሱ ዘመን አጀማመር ውርደት ነበረበት። በፌብሩዋሪ 2004 ቭላዲሚር ፑቲን የባሕር ኃይል ልብስ ለብሰው በታይፉኗ አርካንግልስክ ላይ ሆነው ልምምድ ሊያዩ ወጡ፤ ኖቮሞስኮቭስክ ልትተኩስ የነበረው ሚሳኤል አልወጣም፣ በማግስቱ ከካሬሊያ የተተኮሰው ደግሞ አቅጣጫ ስቶ ራሱን አጠፋ። ይሁንና የድሮው የማኬዬቭ ትምህርት ቤት ሞቶ አልነበረም። በኦክቶበር 2008 ቱላ የተባለችው መርከብ ከባረንትስ ባሕር የተኮሰችው ሲኔቫ ሚሳኤል 11,547 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የፓስፊክ ወገብ አካባቢ አረፈ። ከሃምሳ ሦስት ዓመት በፊት 150 ኪሎ ሜትር የነበረውን አስቡት።

ቡላቫ የተባለው አዲሱ ሚሳኤል የሄደበት መንገድ ግን አቀበት ነበር። የባሕር ሚሳኤል የማኬዬቭ ቢሮ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በ1998 ሥራው የምድር ሚሳኤል ለሚሠራው የሞስኮ ተቋምና ለዩሪ ሶሎሞኖቭ ተሰጠ፤ ጠጣር ነዳጅ፣ ቀላል ክብደት፣ ርካሽ ዋጋ ተብሎ። ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከግማሽ በላዩ ከሸፈ፣ ሶሎሞኖቭ በ2009 ከኃላፊነቱ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 9 የከሸፈው ሙከራ በሰሜን ኖርዌይ ሰማይ ላይ ትልቅ የብርሃን ጥምዝምዝ ሣለ፤ ባራክ ኦባማ በማግስቱ ኦስሎ ላይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሊቀበሉ ነበርና ብዙ ሰው ምን ዓይነት ምልክት ነው ብሎ ተገረመ። ቡላቫን እንድትሸከም የታሰበችው የቦሬይ ዓይነት የመጀመሪያዋ መርከብ ዩሪ ዶልጎሩኪ በ1996 ተጀምራ ለባሕር ኃይሉ የተሰጠችው በጃንዋሪ 2013 ነው። በሜይ 2018 ከነጭ ባሕር አራት ቡላቫ በተከታታይ ስትተኩስ ጥርጣሬው ቀለለ። ቦሬይ ከታይፉን በክብደት ግማሽ ገደማ፣ ሠራተኞቿም 107 ብቻ ናቸው፤ ከቀደሙት ያነሰ ድምፅ እንዲኖራት በፕሮፔለር ፋንታ በውኃ ግፊት ትነዳለች።

የመጨረሻውና ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሚሳኤሉ ከወደብ መተኮስ ከቻለ መርከብ ለምን? ሩሲያ በጫካ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ያርስ የተባለ ሚሳኤል የተጫነባቸው ትላልቅ ተሽከርካሪዎች አሏት፤ በአንድ ቀፎ 16 ሚሳኤል ማከማቸት ለአንድ ቶርፔዶ 16 ሚሳኤል ማቅረብ ነው። ይህን ክርክር ሙሉ በሙሉ መመለስ የሚቻል አይመስለኝም። ከፊሉ መልስ ባሕር ኃይል እንደ ተቋም ይህን ሚና ማጣት ስለማይፈልግ ነው፤ ሚሳኤል የሌለው ባሕር ኃይል በጀት ሲጠይቅ ድምፁ ይቀጥናል። ከፊሉ ግን እውነተኛ ነው። ተሽከርካሪን ሳተላይት ያየዋል፤ በረዶ ሥር ያለውን አያየውም። በማርች 2021 ሦስት ሚሳኤል ተሸካሚዎች ፍራንዝ ዮሴፍ ምድር አጠገብ 300 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው በረዶ ሰብረው አንድ ላይ ወጡ። ምስሉ ለዓለም የተሠራጨው ለማስፈራራት ነው፤ ቢሆንም ያሳየው ነገር አለ፤ ሦስቱ ከዚያ በፊት በረዶው ሥር ሳይታዩ እንደነበሩ።

በጁላይ 2025 ኪንያዝ ፖዣርስኪ የተባለችው ቦሬይ ሴቬሮድቪንስክ ላይ ፑቲን በተገኙበት ለሰሜኑ ባሕር ኃይል ተሰጠች። ከቀናት በኋላ፣ በወሩ መጨረሻ፣ መጠኑ 8.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ካምቻትካን መታ፤ ማዕከሉ ከፔትሮፓቭሎቭስክ-ካምቻትስኪ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የፓስፊኩ ሚሳኤል ተሸካሚዎች የሚያርፉበት የሪባቺ ሰፈር ከዚያች ከተማ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ነው፤ በሳተላይት ፎቶ ላይ አንዱ የመርከብ ማቆሚያ ተጎድቶ ታየ። ከውቅያኖስ ወደ ደጅ የተመለሰ ኃይል ደጁ ሁለት ብቻ ስለሆነ በሁለቱም ላይ የሚደርሰውን ሁሉ ይቀበላል፤ ባሕር ላይ ያልወጣችው መርከብ ሚሳኤሏ የቱንም ያህል ሩቅ ቢሄድ ማቆሚያው ላይ የታሰረች ኢላማ ናት።